የቅሬው ጡሩምባ በስሜ የተነፋ ዕለት

የራሱን የሞት ጡሩምባ በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ተነስቶ ፊቱን የታጠበ ሰው ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እወቁኝ። ሰሚራ እንድሪስ እባላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤታችን ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዞብል ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በኩል፣ የሽንኩርት ማሳዎቹ ዳር ነው። ይህን የምጽፈው ደረቅ ሳል ይዞት «ይለቀኛል» እያለ ለሚጠብቅ ሰው ነው። በግ አርዶ የማይበላውን ለውሻ የሚወረውር ሰውም ያንብበኝ። የሁለቱን ዝምድና ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሳሉ የጀመረኝ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዜና የማነበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እያለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ላይ ሳል ያዘኝና በድምፅ ማጉያው ለሰልፉ ሁሉ ተሰማ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ግን እዚያው ቦታ ላይ አሳለኝ፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ በቀኝ በኩል ከትከሻዬ አጥንት በታች አንድ ሰው በአውራ ጣቱ የሚጫነኝ ይመስለኝ ጀመር። ዜናውን ለሌላ ልጅ አስረከብኩ።

እማ ቆቦ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደሜን አይተው ታይፎይድ ነው አሉ። በኛ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው ያለ አይመስለኝም። መርፌ ተወጋሁ። ሳሉ ባሰ። ሁለተኛው ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው አለ፤ ሌላ መርፌ። ሦስተኛው ዘንድ አክታዬ ላይ ምንም አልተገኘም። እነሱ ግን «ሁኔታዋ ቲቢ ይመስላል» ብለው የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩኝ። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ሆነ። እማ ብርጭቆዬን ከታናናሾቼ ብርጭቆ ለየችው፤ ከለየችው በኋላ ግን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ጓደኞቼ «አልራቅንሽም» ይላሉ፤ ወንበራቸው ግን በየሳምንቱ አንድ ስንዝር ይርቃል።

ሁለት ወር ዋጥኩ። አንድ ቀን መሐረቤ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እጥፍ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት። ማታ ልብስ ስታጥብ እማ አገኘችውና ለአባ ዘረጋችለት። በማግስቱ ወልድያ ራጅ ተነሳሁ።

ራጅ ያነሳኝ ሰውዬ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየ። ሌላ ሰው ጠራ። ሁለቱም ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ቀን የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሐኪም ሲያወራ ሳይሆን ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። በቀኝ ሳንባዬ ላይ ነጭ ክብ ነገር ነበር። ክብነቱ ጨረቃን ያስንቃል። እዚያው ወረቀት ጽፈው ወደ ደሴ ላኩን፣ ደሴ ደግሞ ሲቲ ስካን የሚባለውን፣ ሰውን እንደ ዳቦ እየቆራረጠ የሚያሳየውን ምርመራ አደረጉልኝ።

የደሴው ሐኪም ረጅም ነው፣ ድምፁ ግን ቀስ ያለ። ፎቶዎቹን አይቶ ሲጨርስ ወደ አባ ዞረ።

«ውሻ አላችሁ?»

አባ ግራ ገባው። «ልጄ ሳል ነው ያለባት፤ ውሻ አልነከሳትም።»

«ገብቶኛል። አላችሁ ወይ?»

«አለ። ማሳ የሚጠብቅ።»

«በግ ስታርዱ ሳንባው ወይ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ታገኛላችሁ። ያን ምን ታደርጉታላችሁ?»

አባ አየኝ። ከዚያ ወለሉን አየ። «ለውሻ እወረውራለሁ» አለ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። ያ የቋጠረ ውሃ የትል ቤት ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ሣር ላይ፣ ውሃ ላይ፣ የውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። ያን የነካ እጅ ሳይታጠብ አፍ ከደረሰ፣ ሰው ውስጥ ገብቶ ዓመታት ሙሉ ቀስ ብሎ ውሃ ይቋጥራል። ስሙ ሃይዳቲድ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እማ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው፣ «ብርጭቆዋን!» ነው።

ውሻችን ዳማ ይባላል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ፍርፋሪ የማበላው በእጄ ነበር፤ ያንኑ እጅ ሳልታጠብ ስንት ጊዜ ቆሎ እንደበላሁበት አላህ ነው የሚያውቀው።

«የብርቱካን ያህል ሆኗል» አለኝ ሐኪሙ፣ አሁን እኔን እያየ። «በኪኒን ብቻ አይጠፋም፤ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። እስኪወጣ ድረስ ያንቺ ሥራ እንዳይፈርጥ መጠበቅ ነው። ከባድ ነገር አታንሺ። አትውደቂ። ደረትሽንና ጀርባሽን ማንም እንዳያሽሽ። ድንገት አፍሽን ጨው ጨው የሚል ውሃ ከሞላው ፈርጧል ማለት ነው፤ ያኔ አንድ ደቂቃ አትጠብቂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሆንኩ። ስቀመጥ ቀስ፣ ስነሳ ቀስ። ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ በሁለት እጄ ደረቴን እይዛለሁ። ሮቢት የምትኖረው አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣችና «እኛ ሠፈር ያለችው ወጌሻ በቅቤ ብታሻት ሟምቶ ይወጣል» ስትል፣ እማ እኔና አክስቴ መሃል ገብታ ቆመች። «እጇን ልጄ ደረት ላይ የምታሳርፍ ሴት እጇን ይዛ አትመለስም» አለች። እማ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው የተላክነው አዲስ አበባ ነው። ስለ ወጪው ትንሽ ልንገራችሁ፣ እኛ በተሳሳትንበት ሌላ ሰው እንዳይሳሳት። የጤና መድን ደብተር ነበረን። ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ማስጻፍ እንደሚያስፈልግ እያወቅን «ወረፋው ይረዝማል» ብለን ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርን። ያ ሁሉ ከኪስ ወጣ። አንደኛው በሬያችን በሌለብኝ ታይፎይድና በሌለብኝ ቲቢ አለቀ። በኋላ ሪፈሩን አስተካክለን መድኑ አልጋውንና ቀዶ ሕክምናውን ቢሸፍንልንም፣ ከውጭ የሚገዛ ዕቃና መድኃኒት ዝርዝር ተሰጠን። አባ ማንበብ ስለማይችል የማነብለት እኔ ነኝ። የራሴን የደረት ቱቦ፣ የራሴን የስፌት ክር ዋጋ አነበብኩለት። መሃል ላይ በጣም ውድ የሆነ አንድ መስመር ነበር፤ ዘለልኩት።

«የዘለልሽውን አንብቢ» አለኝ።

አባ ፊደል አያውቅም፤ መስመር ግን ይቆጥራል።

«ተራሽ ሲደርስ እንደውላለን» ብለውን ነበር። አባ ማሳውን ሁሉ ሽንኩርት የተከለው ለዚያ ተራ ነው። ሦስት ወር እኔ አልጋዬ ላይ፣ ሽንኩርቱ መደቡ ላይ፣ እኩል ጠበቅን። ማታ ተደግፌ ነው የምተኛው፤ ጋደም ካልኩ ያስለኛል። ሳሉ ሲመጣ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ልጅ አባብለዋለሁ። ከእያንዳንዱ ሳል በኋላ በምላሴ አፌን እፈትሻለሁ። ጨው አለ? የለም። እስከሚቀጥለው ሳል ድረስ እኖራለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነው። አንድ ታካሚ ስለቀረ ቦታ ተገኝቷል፤ ረቡዕ ጠዋት ከደረስን አልጋው የኛ ነው፤ ካልደረስን ወረፋው ወደ ኋላ ይመልሰናል። ስንት ወር? የደወለችው ልጅ «እሱን አላውቅም፣ የኔ እህት» አለች፤ ድምፅዋ የእውነት አዝኗል።

መንገዱን አስበን ሰኞ መነሳት ነበረብን። የሽንኩርቱ አንገት ወድቋል፤ ማለትም ደርሷል፣ ለመነቀል ብቻ ይጠብቃል። ጎብዬ ያለው ነጋዴ «እሁድ ማታ አይሱዙዬን ይዤ አልፋለሁ፤ ሙሉ ጭነት ካለ እወስዳለሁ፣ ከጎደለ አልቆምም» አለ። በሁለት ቀን ተኩል ያን ሁሉ ማሳ ለመንቀል ቢያንስ ሃያ የቀን ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለሠራተኛ የሚከፈል ብር ቢኖረን ደግሞ ሽንኩርቱን መጠበቅም ባላስፈለገን።

ያን ምሽት በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው።

«ቅሬውን እንጠይቅ» አለች እማ።

ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ሠፈሩ ተሰባስቦ የሚቀብርበት፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግድበት ማኅበር። የኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው።

«ቅሬ ለሬሳ ነው» አለ አባ። «ልጄ ሬሳ ናት?»

«እስክትሆን እንጠብቅ?»

ከግድግዳው ወዲህ እኔም ሳሌን ዋጥኩት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እማ ለአባ ሳትነግር የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሄ ዘንድ ሄደች። ሼህ ሙሄ ጢማቸውን እያሹ ሰሟት። «ሕጋችን ለታመመ አንድ ቃል የለውም» አሏት። «ግን ሕጉን የጻፍነው እኛው ነን። ነገ ጠዋት ቅሬው ይሰብሰብና ይነጋገር።» ወዲያው የቅሬውን ጡሩምባ ነፊ አያ ምስጋናውን አስጠርተው ሰውን ሰብስብ አሏቸው።

አያ ምስጋናው ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ትንሽ ያነክሳል። ሌላ ጊዜ የቅሬ ስብሰባ በወር አንዴ ስለሆነ ጥሪ አያስፈልገውም፤ ቀኑን ሁሉም ያውቀዋል። አሁን ግን ከመቶ በላይ ቤት በአንድ ማለዳ ማዳረስ አለባቸው፣ ያውም በዚያ እግር። ምን አደረጉ? የሚያውቁትን አደረጉ።

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ አባ ለብቻው ማሳ ወርዶ ሽንኩርት ይነቅላል፤ እማ ጆንያ ልትዋስ ጎረቤት ሄዳለች። ታናናሾቼ ተኝተዋል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። በድንገት ጡሩምባው ተነፋ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ቀጥሎ የአያ ምስጋናው ድምፅ፣ «የእንድሪስ ልጅ...» ሲል ሰማሁ። የቀረውን ነፋስ ወሰደው።

ያ ጡሩምባ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ፣ ለሞት እንጂ ለሌላ ነገር ተነፍቶ አያውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ እጄን አየሁ። ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ልቤን ያዝኩ፤ ይመታል። «እንግዲያ ታናሼ ናት?» ብዬ ዘወር ስል ታንኮራፋለች። ልቤ እንደገና ወደ ራሴ ተመለሰ፦ ሠፈሩ ሁሉ አሁን እኔ ሞቻለሁ ብሎ እየተነሳ ነው። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም፣ አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያዋ እትዬ ብርቄ ናት፤ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «ወይኔ ሰሚራዬ! ወይኔ አበባዬ! ሳትጠግቢ!» እያለች በሩን በርግዳ ገባች። እኔ የውሃ ኩባያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እትዬ ብርቄ፣ እንዴት አደርሽ?» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ጩኸቷ ግማሽ ላይ ቆመ። አፏ እንደተከፈተ ቀስ እያለች መሬት ተቀመጠች። «አምላኬ» አለች። «አንቺ ነሽ? ነሽ?» ጉልበቴን ያዘችው፤ ሥጋ መሆኔን አረጋገጠች፤ ከዚያ ወደ ታች ስባ እንደ እብድ ሳመችኝ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ አፌን ሳይቀር። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ሳል ጠራ። ሳሉ ደግሞ በዚህ ጊዜ አልባበልም አለ፤ ከሥር፣ ከዚያ ክብ ነገር ሥር ተነስቶ አጎበጠኝ። ኩባያው ወደቀ።

ሳሉ ሲቆም አፌ ውስጥ ጨው ነበር።

ደርቄ ቀረሁ። እጄን አንስቼ «አትንኪኝ» አልኳት። የሐኪሙ ድምፅ መጣብኝ፦ አንድ ደቂቃ አትጠብቂ። አባ ማሳ ነው። መኪና የለም። ምላሴን ቀስ ብዬ አንቀሳቀስኩ። ጨው። ውሃው ግን የለም። መተንፈስ እፈራለሁ፤ ተነፈስኩ። አየሩ ገባ። እንደገና ገባ። እትዬ ብርቄን አየኋት፤ ጉንጯ ከላይ እስከ ታች እንባ ነው፤ ያ ሁሉ እንባ ከፊቷ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ከንፈሬ ወርዷል።

«እንባሽ ነው» አልኳት። «ያንቺ እንባ ነው።» ከዚያ እኔም ተቀመጥኩ።

ከኋላዋ ሰው ሞላ። ሴቶቹ ዳቦና ውሃ፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው። መቃብሬን ሊቆፍሩ ነው የመጡት! አጥራችን ዳር ዶማቸውን ተደግፈው፣ ያቺ የሚቀብሯት ልጅ በር ላይ ተቀምጣ ስታያቸው፣ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። አንዱ ጎረምሳ ዶማውን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ፤ እጀታው በትከሻው ላይ ብቅ አለ።

አያ ምስጋናው እያነከሱ ደረሱ። «እኔ እኮ ደህና ናት፣ ለስብሰባ ኑ እያልኩ ነው የነፋሁት!»

«ጡሩምባህ ‘ደህና ናት’ ማለት ያውቃል?» አለች እትዬ ብርቄ፣ መሬት እንደተቀመጠች።

አባ ሲመጣ አየሁት። ከማሳው እየሮጠ ነው የመጣው፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ በአንድ እጁ ቅጠሉ ያልተቆረጠ ሽንኩርት እንደያዘ። ጡሩምባውን የሰማው እዚያ ሆኖ ነው። ሰውን እየገፋ ገባ። አየኝ። ቆመ። ከዚያ አያ ምስጋናው ላይ ዞረ። «ልጄን በቁሟ ቀበርካት!» አለና ድምፁ ተሰበረ። አያ ምስጋናው ጡሩምባቸውን መሬት አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አለች እማ፣ ጆንያዎቹን በጭንቅላቷ እንደተሸከመች ከሰው ኋላ። «ስድብ ካለ ለኔ ነው።»

ሼህ ሙሄ በምርኩዛቸው መሬቱን ቸብ ቸብ አደረጉ።

«እንድሪስ፣ ረጋ በል። ስማኝ። የቅሬው ሳጥን የሙታን ነው፤ ሕጉ ይላል፤ አልነካውም። ሕጉ ግን ስለ ዶማ ያለው ነገር የለም። ይህ ሁሉ ሰው ለልጅህ ሊቆፍር ወጥቷል፤ ሳይቆፍር ቢመለስ ደግ አይደለም። ሽንኩርትህ ደርሷል?»

አባ እጁ ውስጥ ያለውን ሽንኩርት ብቻ ከፍ አደረገው።

«ደርሷል» አሉ ሼህ ሙሄ። «እንሂድ።»

እንዲህ ነው የሆነው። መቃብር ሊቆፍር የወጣ ዶማ ሁሉ ሽንኩርት ቆፈረ። ወንዶቹ ከፊት እየነቀሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ አንገቱን እየቆረጡ ጆንያ ይሞላሉ። ለለቅሶ የመጣው ዳቦ ለምሳ ሆነ። የቆላው ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ማንም ጥላ አልፈለገም። እኔን ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። «ሥራ ስጡኝ» ስል እትዬ ብርቄ፣ «ሥራሽ አለማሳል ነው፤ አንድ ጊዜ ገድለሽኛል፣ ይበቃል» አለችኝ። አያ ምስጋናው ከማንም በላይ ሠሩ፤ አባ በአጠገባቸው ሲያልፍ አያያቸውም ነበር። እሁድ ቀትር ላይ ግን የራሱን የውሃ ጀሪካን ወስዶ አቀበላቸው። ጠጡ። ያ ነበር ዕርቁ።

እሁድ ፀሐይ ስትገባ አይሱዙዋ ቆመች። ሞልታ ሄደች። ሰኞ ማለዳ እኔና አባ አውቶቡስ ላይ ነበርን፤ ደጉ ነገር መንገዱ ያን ሳምንት ክፍት ነበር።

የአዲስ አበባው ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ረጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ ሰው ሁሉ በጉልበቱ ላይ ፌስታል ይዟል፤ ፌስታሉ ውስጥ ራጅ። ስምህ ሲጠራ ካልሰማህ ያልፍሃል፤ ስለዚህ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ከባሌ የመጣች አንዲት እናት ግማሽ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ቋንቋችን ባይገናኝም ልጇን እያሳየችኝ በጣቷ ልቧን ነካች፤ እኔም ሳንባዬን ነካሁ። ገንዘብ ቤት መስኮት ላይ አባ ብሩን ከደረቱ ሲያወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ አፍንጫዋን አሸት አደረገች። «ምን ይሸታል?» አለች። «ሽንኩርት» አለ አባ፣ ኮራ ብሎ። ሳቀች፤ ቀጥላም ከዝርዝሩ ሁለቱን ዕቃ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት በርካሽ እንዳለው፣ ውጭ እንዳንገዛ ነገረችን። ከሁለቱ አንዱ ያ የዘለልኩት መስመር ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት አባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ፣ «ሳንባውን የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ይህን ቃል ከደሴ ጀምሮ ተሸክሞት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ዳማንስ ያቀፍኩት እኔ አይደለሁም?» አልኩት። «እጄንስ ያልታጠብኩት?»

«አንቺ ልጅ ነሽ።»

«አንተም አታውቅም ነበር፣ አባ።»

ራሴን ዳበሰኝ፤ ደረቴን እንዳይነካ በጣም እየተጠነቀቀ። ዳማን ሊገድለው አስቦ እንደነበርና ሐኪሙ የትል መድኃኒት እንዲሰጠው ስለነገረው እንደተወው ያን ማታ ነገረኝ። ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን። ከንፈሬ ጨው ሲል አልደነገጥኩም።

ስነቃ ጎኔ ላይ ቱቦ አለ፤ ቱቦው አልጋው ሥር ያለ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ስተነፍስ ይንቦጫቦጫል። ሕመሙን አልዋሻችሁም፤ ከባድ ነው፤ ማሳልም መሳቅም ቢላዋ ነው። ሐኪሙ አባን «ሳይፈርጥ ወጣ፣ ሙሉውን» አለው። አባ በቆመበት ሱጁድ ወረደ፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እየተሻገረው።

በማግስቱ ሲስተር የሐኪም ጓንት ሰጠችኝ። «ንፊው» አለችኝ። «የተጨመቀው ሳንባሽ የሚከፈተው በመንፋት ነው።» ነፋሁ። አንድ ጣት እንኳ አልቆመም። በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቱ ቆመ። የባሌዋ እናት ከማዶ፣ ከልጇ አልጋ አጠገብ ሆና ጣቷን ታሳየኛለች፦ አንድ። በማግስቱ፦ ሁለት። ቱቦው የወጣ ቀን አምስቱም ቆመው ነበር።

ቤት ስገባ ሰው ሁሉ መጣ፤ ዳቦና ውሃ ይዘው፣ ያለ ዶማ። ከዚያ ወራት ኪኒን ዋጥኩ፤ ዳማም የራሱን ዋጠ። ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ለውሻ አይጣልም፤ ይቃጠላል ወይ በጥልቅ ይቀበራል። እኔ እየዞርኩ ነው ያስተማርኩት፤ ሰው ሲያየኝ ቶሎ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ምርመራዬ ነበር። ንጹሕ ነው ተባልኩ። በማግስቱ ጎሊና ወንዝ ዳር አያ ምስጋናውን ፍየል ሲያግዱ አገኘኋቸው። ጡሩምባቸውን አንግተዋል፤ ቤት ቢተዉት ልጆች ይጫወቱበታል።

«ሐኪሞቹ ንፊ ብለውሽ አልነበር?» አሉኝ። «እንኪ እስቲ።»

«ሰው ይደነግጣል፣ አያ።»

«እዚህ ማን አለ? ፍየል ነው።»

ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ምራቅ ብቻ ሆነ። ሳቁብኝ። እግሬን አስተካክዬ ቆምኩ፤ አየር ሳብኩ፤ ያ ክብ ነገር የነበረበት ቦታ ድረስ ገባ፤ ነፋሁ። ጡሩምባው ጮኸ። ወንዙን ተሻግሮ፣ ማሽላውን አልፎ ሄደ።

ማሽላው ተከፈለና እትዬ ብርቄ ወጣች፤ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች። «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?»

አያ ምስጋናው እኔን አዩኝ። እሳቸው ያን ማለዳ ድምፃቸው አልደረሰም ነበር። እኔ አየሩን ሳብኩና ጮህኩ።

«ማንም! ማንም አልሞተም! እኔ ነኝ!»

ደረሰ። እትዬ ብርቄ ቆመች። ነጠላዋን ቀስ ብላ መልሳ አስተካከለችና ከሩቅ ጡጫዋን አሳየችኝ። እኔ ከጮህኩ በኋላ እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ቆሜ ሳሉን ጠበቅኩት።

አልመጣም።